የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሰኔ ሳይገባ አፈሩን እንያዘው

ግንቦት ሲጋመስ የምትልኩልኝ ጥያቄ ይለወጣል። እስከ ሚያዝያ ድረስ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ደመና መቋጠር ሲጀምር ግን ነገሩ ሁሉ ወደ ጭቃ ይዞራል። ለዚህ እትም አምስት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ እሱ ከገባን የሌሎቹ ግማሽ ተመለሰ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ከዘንዘልማ ወዲህ ተዳፋት ላይ ባለ 2 ሄክታር ቦታ የእንግዳ ማረፊያ እየሰራሁ ነው። አምና ቦታውን በሙሉ በዶዘር አስጠረግሁት። ኮንትራክተሩ ከታች 10 በ6 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሮ ‹ጭቃው እዚህ ይቀራል› አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ እንደገባው ቀይ ነበር። ከታች ያሉ ገበሬዎች ሁለት ጊዜ መጥተው አነጋግረውኛል፣ አፍሬ ነው የሸኘኋቸው። ዘንድሮ ጉድጓዱን ላስፋው?»

መልስ፦ ማስፋቱ አይከፋም፣ ብቻውን ግን አያድንዎትም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ባዶ ሃይላንድ ይውሰዱ። ከሳይትዎ ሁለት እፍኝ አፈር ይክተቱበት፣ ውሃ ይሙሉት፣ በደንብ በጥብጠው መስኮት ላይ ያስቀምጡት። አሸዋው ዓይንዎ እያየ ይዘቅጣል። ከላይ ያለው ውሃ ግን በማግስቱም ቀይ ነው፣ በሣልስቱም ገና አልጠራም።

ኮንትራክተሩ ያልነገረዎት ነገር ይሄ ነው። መካከለኛ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስፋቱ 0.002 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ደቃቅ ሸክላ ግን ያችኑ አንድ ሜትር ለመውረድ 3 ቀን ያህል ይፈልጋል። ያውም ውሃው ካልተነቃነቀ። የእኛ አገር ቀይ አፈር ደግሞ አብዛኛው ሸክላ ነው። በሐምሌ ዝናብ መሃል 3 ቀን ሙሉ የሚረጋ ጉድጓድ ከየት ይመጣል? ሳይደፈርስ አይጠራም ይባላል፣ ቀይ አፈር ግን አንዴ ከደፈረሰ በቶሎ አይጠራም።

አሁን መጠኑን እንየው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ታግሰው ይከተሉኝ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌ ብቻውን 400 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ከሰዓት ላይ 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ በእርስዎ 2 ሄክታር ላይ የወረደው 800 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዶዘር የተመላለሰበት መሬት የተጠቀጠቀ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ ግማሹ ብቻ ቢወርድ እንኳ 400 ሜትር ኩብ ነው። የእርስዎ ጉድጓድ 90 ሜትር ኩብ ይይዛል። ዝናቡ ሳያባራ ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። በሌላ አገር የግንባታ መመሪያዎች ለአንድ ሄክታር የተገለጠ መሬት 250 ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ ኩሬ ይጠየቃል። ለእርስዎ 500 መሆኑ ነው። እሱም ቢሆን አሸዋውንና ሻካራውን ነው የሚያስቀርልዎት፣ ቀዩ ውሃ ያልፋል።

እንግዲህ አፈሩን ከተነሳ በኋላ ከማሳደድ መጀመሪያውኑ እንዳይነሳ ማድረግ ይሻላል። አፈርን ከቦታው የሚያላቅቀው የጠብታው ምት ነው። ባዶ መሬት ላይ የዝናብ ጠብታ እንደ መዶሻ ነው፣ አፈሩን ይፈረካክሰዋል፣ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል። ጠብታው ጭድ ላይ ቢያርፍ ጉልበቱ እዚያው ይሰበራል። ስለዚህ የዘንድሮ ዋናው ወጪዎ ጉዝጓዝ ይሁን። ለአንድ ሄክታር ከ4 እስከ 5 ቶን ጭድ በቂ ነው፣ አፈሩ በጭዱ መሃል ጥቂት ጥቂት ብቻ እስኪታይ ድረስ ይበተን። የጤፍ ጭድ ለከብት መኖም፣ ለጭቃ ቤትም ስለሚፈለግ በክረምት ይወደዳል፣ አሁኑኑ ይግዙ። ካልተገኘ የታጨደ ሳርም የሩዝ ገለባም ይሆናል፣ ፎገራ ሩቅ አይደለም። ንፋስ እንዳይወስደው ትንሽ ውሃ ያርከፍክፉበት፣ ተዳፋቱ ገደላማ በሆነበት ቦታ ደግሞ ከላይ በገመድ ወይም በቅርንጫፍ ያዝ ያድርጉት።

ሁለተኛ፣ ከላይ ካለው ማሳ የሚመጣው ንጹህ ውሃ በሳይትዎ ውስጥ ለምን ያልፋል? ከይዞታዎ በላይኛው ጫፍ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስቆፍሩ። ቦዩ በጣም ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት፣ በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ያህል ይበቃዋል። መጨረሻው ሳር ባለበትና በድንጋይ በተነጠፈ ቦታ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ከጎረቤትዎ ማሳ ላይ አዲስ ቦረቦር ፈጠሩ ማለት ነው። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ከታች ያሉትን ገበሬዎች ጠርተው መውጫውን አብረው ይምረጡ። ውሃው ድሮ በየት ይሄድ እንደነበር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «አፍሬ ሸኘኋቸው» ያሉት ቃል ልቤን ነክቶታል፣ እንደገና መሄድ የማያሳፍርዎት መንገድ ይሄ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ ዘንድሮ የማይሰሩበትን ቦታ አይንኩት። አምና ተጠርጎ አረም የበቀለበት ካለ እንዳለ ይተዉት፣ አረም ቢሆንም አፈር ይዟል። ኮንትራክተሮች አንዴ ማሽን ከገባ ሁሉንም ጠርገን እንገላገል ይላሉ፣ የማሽን ኪራይ ስለሚቆጥብ እረዳቸዋለሁ። ግን ከ2 ሄክታር ላይ አንድ ሚሊሜትር አፈር ብቻ ቢላጥ 20 ሜትር ኩብ ነው። ከአንድ ሲኖትራክ ቢያጆ ይበልጣል። አንድ ሚሊሜትር ደግሞ በዓይን አይታይም፣ መሬቱ ምንም ያልሆነ ነው የሚመስልዎት። በኋላ ለግቢው አትክልት ለም አፈር ከሌላ ቦታ ገዝተው ሊያስመጡ ነው፣ ያ አፈር እኮ የራስዎ ነበር።

ጉድጓዱን በመጨረሻ ያስፉት። ርዝመቱ ከስፋቱ ቢያንስ እጥፍ ይሁን፣ ውሃው በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይውጣ። መውጫው ከላይ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ይሁን። ግማሹ በደለል ሲሞላ አስጠርገው የወጣውን ጭቃ ከመውጫው ራቅ ባለ ቦታ ያስደፉ። ከተቻለ በር ላይም መኪና የሚወጣበትን 15 ሜትር ያህል በሸካራ ድንጋይ ያስነጥፉ፣ ጎማ ተሸክሞት የሚወጣው ጭቃ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ «እኔ ፎርማን ነኝ። አማካሪው የደለል መያዣ አጥር አቁሙ ብሎን የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን በእንጨት ወጠርነው። በመጀመሪያው ዝናብ ተኛ። ጥፋቱ የት ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎቶውን አየሁት። ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፣ ስለዚህ አጥሩ ግድብ ሆነብህ። ግድብ እንዲሆን ደግሞ አልተሰራም። ጂኦቴክስታይል የሚባለውን፣ ውሃ አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር ጨርቅ ፈልግ፣ ውድ ነው ካሉህ ድንጋይ በአንድ መስመር ደርድረህ ከላይ በኩል ጠጠር ብታስደግፈው ከከረጢቱ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የጨርቁን ግርጌ አልቀበርከውም። ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ቦይ ቆፍረህ ጨርቁን ወደ ውስጥ አስገባና አፈር መልሰህ ጠቅጥቀው፣ አለዚያ ውሃው በስር ነው የሚሄደው። እንጨቱ በታችኛው በኩል፣ ጨርቁ በላይኛው በኩል ይሁን፣ የውሃው ግፊት ጨርቁን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቀዋል እንጂ ከሚስማሩ አይነቅለውም።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ አጥሩ ውሃ ልኩን አልጠበቀም። አንዱ ጫፍ ዝቅ ብሏል፣ ውሃው ሁሉ እዚያ ተሰበሰበና ገፋው። ግንበኞችህ ውሃ ልክ የሚለኩበትን ቀጭን ጎማ ተውሰህ መስመሩን አስምር፣ ሁለቱን ጫፎች ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ እጠፋቸው። በ30 ሜትር አጥር ላይ ከ1,000 ካሬ ሜትር መሬት በላይ አታውርድ። ደለሉ የአጥሩን ቁመት ሲሶ ሲደርስ አስነሳው።

ቦይ ውስጥ ደግሞ ይሄን አጥር በፍጹም አታቁም። እዚያ የሚቆመው የድንጋይ ክትር ነው፣ ማለትም ቦዩን አቋርጦ የውሃውን ሩጫ የሚያበርድ አጭር የድንጋይ ካብ። መሃሉ ከዳሮቹ ዝቅ ይበል፣ ውሃው መሃል ለመሃል እንዲያልፍ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር ውሃ ልክ እስኪሆን እያራራቅህ ደርድር። ይህችን ካወቅህ ሜትር መጠየቅ አያስፈልግህም፣ ተዳፋቱ ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ «ጎረቤቴ ፎቅ ሊሰራ የቆፈረውን አፈር ከመንገዱ ቦይ ዳር ከምሮታል። አምና ሐምሌ ላይ ቦዩ ተዘጋና ውሃ ቤቴ ገባ፣ ፍራሽና የዓመት እህል ተበላሸብኝ። ክምሩ ዘንድሮም እዚያው ነው። ስነግረው ‹ቦዩ የመንግሥት ነው› ይለኛል። ልጆቻችን አብረው ያደጉ ናቸው፣ መጣላት አልፈልግም።»

መልስ፦ እናቴ፣ ለደረሰብዎት በጣም አዝናለሁ። የዓመት እህል ሲበላሽ ማየት ምን እንደሆነ ከቤታችን አውቀዋለሁ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ተዳፋት ላይ ያለ ቦይ ውሃው ስለሚሮጥ ደለሉን ይዞት ይሄዳል። ሜዳ ላይ ያለ ቦይ ግን ውሃው ቀስ ስለሚል የያዘውን እዚያው ይጥላል። አንድ ክምር አፈር መቶ ሜትር ቦይ ሊደፍን ይችላል። ጎረቤትዎ ቦዩ የመንግሥት ነው ሲሉ እኔ አልዘጋሁትም ብለው ከልባቸው አምነው ሊሆን ይችላል፣ አካፋ ይዘው አልሞሉትምና። የሞላው ዝናቡ ነው፣ አፈሩ ግን የእሳቸው ነው።

ስለዚህ ስለ ቦዩ አያውሩ፣ ስለ ክምሩ ያውሩ። አምና ውሃ የገባበትን ፎቶ ልጅዎ ካለው ይዘው፣ ከቻሉም ከእድሩ አንድ የተከበሩ ሰው ጨምረው፣ ቡና ላይ ያነጋግሯቸው። የሚጠይቁት ትንሽ ነገር ነው። ክምሩ ከቦዩ 10 ሜትር ያህል ይራቅ፣ የሚርቅበት ቦታ ከሌለ በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኖ ጠርዙ በድንጋይ ይጫን። በታችኛው በኩል አንድ ረድፍ ድንጋይ ወይም አሸዋ የተሞላ ከረጢት ይደርደርለት። ለሙሌት የማይፈልጉት ከሆነም ለሚፈልግ ሰው ይስጡት፣ ከተማው ውስጥ ሙሌት የሚፈልግ መቼም አይጠፋም።

ቦዩን የሰፈሩ ሰው ከሰኔ በፊት ቢጠርገው ደግ ነው፣ ግን እባካችሁ የወጣውን ጭቃ ከቦዩ ዳር አትተዉት። ይሄን በየዓመቱ አያለሁ። ወጣቶቹ ቅዳሜን ሙሉ ለፍተው አውጥተው ዳር ላይ ይከምሩታል፣ ማክሰኞ ሲዘንብ ተመልሶ ይገባል። ጋሪም ይሁን ባጃጅ ጭነት፣ በዚያው ቀን የሚያነሳው ነገር ሳታዘጋጁ አትጀምሩ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካሉ ግን ወደ ቀበሌ መሄድ ጥል አይደለም እናቴ፣ ቤትዎን መጠበቅ ነው። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ቅጂ ይያዙ።

ጥያቄ፦ «ጀልባ ላይ ነው የምሰራው። ጣናን ደለል ሞላው ሲባል እሰማለሁ። ግን ደለሉ ከገበሬው ማሳ አይደለም እንዴ? የከተማው ግንባታ ምን ያህል ሆኖ ነው?»

መልስ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ደፍረህ ስለጠየቅክ ሳልሸፍን ልመልስልህ። በብዛት ካየነው እውነትህን ነው። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በግልገል አባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ነው የሚመጣው፣ ደለሉም በዋናነት ከእነሱ ተፋሰስ ነው። ርብ ብዙ ደለል ከማምጣቱ የተነሳ ፎገራ ላይ የወንዙ ወለል ከፍ እያለ ሄዷል፣ በየክረምቱ ከዳር ሞልቶ የሚወጣው አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። በነዚህ ተፋሰሶች ውሃው በጣም የሚደፈርሰው በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ነው፣ ማሳው ታርሶ ገና ሰብል ሳይሸፍነው። ነሐሴ ላይ ወንዙ የበለጠ ሞልቶ እንኳ ድፍርሱ ይቀንሳል።

ግን ከአንድ ሄክታር ምን ያህል ይወጣል ብለህ ብትመዝነው ነገሩ ይገለበጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ለዓመታት ሲጠቅሰው የኖረው ቁጥር፣ ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው ደለል ከእርሻ መሬት ከሚታጠበው ከ10 እስከ 20 እጥፍ እንደሚበልጥ ነው። ቁጥሩ የእነሱ አገር ነው፣ ምክንያቱ ግን እዚህም ያው ነው። የገበሬው ማሳ ቢያንስ በነሐሴ ይሸፈናል፣ የግንባታ ቦታ ክረምቱን ሙሉ ራቁቱን ነው። ገበሬው ደግሞ ላይኛው ተፋሰስ ላይ በየበጋው ወጥቶ እርከን ይሰራል፣ ይሄን አይተን ከተሜዎቹ ዝም ማለታችን አይገባም።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ሲሰፋ ጥልቀቱ በአማካይ 10 ሜትር አይሞላም፣ በጣም በሚጠልቅበት 14 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ የተቀመጠው ደቃቅ አፈር ተመልሶ ይበጠበጣል፣ አንተም ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲነሳ ከጀልባ ላይ ታየዋለህ። ሸክላው ላይ ፎስፎረስ ተጣብቆ ይመጣል፣ ፎስፎረስ ደግሞ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ሰው በእጁ ሲነቅለው ኖረ። ነጭ ዓሣውም ክረምት ላይ ወደ ወንዞቹ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹህ ጠጠር ላይ ነው፣ ጠጠሩ በጭቃ ከተደፈነ እንቁላሉ አየር አያገኝም። ከከተማው የሚወጣው ጭቃ ወንዝ ያን ያህል አይደርስም፣ የሚያርፈው እዚሁ ዳርቻው ላይ ነው፣ ደንገሉ ባለበት፣ ታንኳው በሚታሰርበት፣ የአንተም ጀልባ በምትቆምበት። ስለዚህ ለደቡቡ ዳርቻ የከተማው ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ «አዲስ መንገድ ሲሰራ ውሃ በመንገዱ ስር የሚያሳልፈው የካልበርቱ መውጫ ወደ እኛ ማሳ ዞረ። በሁለት ክረምት ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። ድንጋይና ቆሻሻ እየሞላንበት ነው፣ ይብሳል እንጂ አይድንም። አፈሩ ዋልካ ነው።»

መልስ፦ ቆሻሻውን ዛሬውኑ አቁሙት፣ ውሃው ወደ ጎን እየዞረ ዳሩን ይበላዋል። ቦረቦር የሚድነው ከጭንቅላቱ ነው፣ ውሃው ወደ ውስጥ ከሚዘልበት ከላይኛው ጫፍ። መጀመሪያ መንገዱን ለሚያስተዳድረው አካል በጽሑፍ አመልክታችሁ ካልበርቱ መውጫ ላይ የድንጋይ ንጣፍ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) እንዲሰራ ጠይቁ፣ እሱ ሳይሰራ ከታች የምትለፉት ብዙም አይቆይም። ጭንቅላቱን ደልድላችሁ ቀስ ያለ ተዳፋት አድርጉት፣ ድንጋይ አንጥፉበት፣ ውስጡን ለፎርማኑ እንደነገርኩት በክትር ደርድሩት። የክትሩ ጫፎች ግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው ይግቡ።

ዋልካ ነው ስላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከቦረቦሩ በላይ ውሃ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ወይም ዝግ እርከን አትቆፍሩ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከስር ያረጥበዋል፣ ከዚያ ዳሩ በጎርፍ ሳይነካ በራሱ ክብደት ይናዳል። እኔ ባለሁበት በአንድ ሥራ ላይ ይሄን ሳናውቅ ቆፍረን በነሐሴ 4 ሜትር ስፋት ያለው ዳር ሲንሸራተት አይተናል። እንደዚህ ባለ መሬት ውሃው መጠራቀም ሳይሆን ቀስ ብሎ መውጣት ነው ያለበት።

ዳሩ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን ሳር ትከሉ። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ከብትም ያረጀውን ቅጠል ብዙ አይወደውም። ችግኙን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አቀራርቡት፣ ረድፉ በውሃ ልክ ይሂድ። የምትተክሉት አሁን ሳይሆን አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ በሐምሌ ነው፣ ረድፉ እስኪገጥም አንድ ሁለት ክረምት ይፈጃል፣ እስከዚያ የሞተውን እየተካችሁ ጠብቁት። ደረቁን ዳር ደግሞ አጥራችሁ ከብት አታስገቡ፣ ሰርዶው ራሱ ይመጣል።